ነጭ ከላይ፣ ቀይ ከታች

ጠጋ ጠጋ በሉ። ይህ ታሪክ በጣም ከባድ ጉዳይ ነው። ማንም እንዳይስቅ!

ሩቅ፣ ፖላንድ በሚባል አገር፣ አንዲት ትንሽ መንደር አለች። አሥራ አንድ ቤት፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ የአውቶቡስ ማቆሚያ፣ አንድ ሐይቅ። በቃ።

መንደሯ መሀል ረጅም የመብራት እንጨት ቆሟል። እንጨቱ ጫፍ ላይ እንደ መኪና ጎማ የሰፋ ጎጆ አለ። ጎጆው ውስጥ ሽመላ ትኖራለች።

ሽመላዋ ነጭ ናት። እግሮቿ ግን ቀይ ናቸው። ረጃጅም ቀይ ካልሲ ያደረገች ትመስላለች።

ጠዋት ጠዋት አንገቷን ወደ ኋላ ቆልመም ታደርግና በምንቃሯ ታጨበጭባለች። «ቋ-ቋ-ቋ-ቋ!»

ከመብራቱ እንጨት ሥር ባለው ቤት ኔላ የምትባል ልጅ ትኖራለች። ከእናቷና ከአያቷ ጋር ነው የምትኖረው። በእነሱ ቋንቋ አያት «ጃዴክ» ይባላል። ስለዚህ ኔላ አያቷን «ጃዴክ» ብላ ትጠራዋለች።

ኔላ የምትማርበት መዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ የነጭ ንስር ሥዕል አለ። የወርቅ ዘውድ ደፍቷል። የአገሩ ምልክት እሱ ነው።

ንስሩ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ወደ ጎን ብቻ ያያል። ምን ያድርግ? ምልክት መሆን ቀላል ሥራ አይደለም።

ሽመላዋ ዘውድ የላትም። የእሷ ሥራ እንቁራሪት መብላት ነው።

በዚያ አገር በረዶው ቀልጦ፣ አበባው ፈክቶ፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ የባንዲራ ቀን ይመጣል። በባንዲራ ቀን ሰው ሁሉ ቤቱ ላይ ባንዲራ ይሰቅላል። ባንዲራው ሁለት ቀለም ብቻ አለው፤ ነጭ እና ቀይ።

ኔላ አራት ዓመቷ እያለ ጠየቀች። «ጃዴክ፣ ዛሬ እኔ ልስቀል?»

«ገና ነሽ። ስድስት ዓመት ሲሞላሽ» አላት።

አምስት ዓመቷ እያለም ጠየቀች። «ጃዴክ፣ ዛሬስ?»

«ገና ነሽ። ስድስት ሲሞላሽ አልኩ እኮ!»

ዘንድሮ ኔላ ስድስት ዓመት ሞላት። በባንዲራ ቀን ጠዋት፣ ፀጉሯ ሳይበጠር፣ በፒጃማዋ ከተፍ አለች።

«ጃዴክ፣ ዛሬ?»

«ዛሬ!» አለ ጃዴክ።

ጃዴክ መሳቢያውን ከፈተ። ከገና በዓል የጠረጴዛ ልብስ ሥር ባንዲራውን አወጣ። በደንብ ተተኩሷል፤ የሳሙና ሽታ ይሸታል።

«ጃዴክ፣ የቱ ነው ከላይ የሚሆነው? ነጩ ነው ቀዩ?»

ጃዴክ በጣቱ ወደ ሰማይ አሳያት። እዚያ ላይ ሽመላዋ በአንድ እግሯ ቆማለች።

«እሷን እያት» አለ። «ነጭ ከላይ፣ ቀይ ከታች።»

«ነጭ ከላይ፣ ቀይ ከታች!» አለች ኔላ።

«ላግዝሽ?»

«ብቻዬን!»

«እሺ፣ እሺ! ማን ነካሽ?» አለ ጃዴክ። የዓሣ ማጥመጃውን ተሸክሞ ብስክሌቱ ላይ ወጣና ወደ ሐይቁ ሄደ። «ቅጭል! ቅጭል!»

ኔላ በርጩማ አመጣች። በርጩማው ላይ ወጣች። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ብቅ አደረገች፤ ሥራ ሲከብዳት እንደዚያ ነው የምታደርገው።

ባንዲራውን ከአንድ ቀጭን እንጨት ጋር አሰረች። አንድ ቋጠሮ። ሁለት ቋጠሮ። እንጨቱን በሩ አጠገብ ያለው የብረት ቀለበት ውስጥ ሰካችው።

ከዚያ ወርዳ ራቅ ብላ አየችው። «ነጭ ከላይ፣ ቀይ ከታች!»

ነፋሱ መጣ። ባንዲራው ተውለበለበ። «ተፍ! ተፍ! ተፍ!»

ሽመላዋም አጨበጨበች። «ቋ-ቋ-ቋ-ቋ!»

ኔላ ከደስታዋ ብዛት በግቢው ዙሪያ ሦስት ጊዜ ሮጠች። ዶሮዎቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረዋት ሮጡ።

በዚህ ጊዜ ማዶ፣ ከሁሉም ትልቅ በሆነው ቤት፣ የፎቁ መስኮት ተከፈተ። የመንደሩ ሊቀ መንበር የአቶ ዜኖን ቤት ነው።

ኔላ ቀና ብላ አየች። መጀመሪያ ከመስኮቱ ሁለት እጅ ወጣ። ቀጥሎ አንድ ትልቅ ሪዝ ወጣ። ሪዙ ወደ አፍንጫ ነው የተንጠለጠለው!

«ሪዝ እንዴት ወደ አፍንጫ ይንጠለጠላል?» ብላ አሰበች። ግን ዶሮዎቹ መሮጣቸውን ስላላቆሙ፣ ተከትላቸው ሄደች።

አሁን ደግሞ ስለዚህች መንደር አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በዚህች መንደር ሰው አንድ ነገር ከማድረጉ በፊት ወደ አቶ ዜኖን ቤት ያያል።

አቶ ዜኖን አጥራቸውን አረንጓዴ ቀለም ከቀቡ፣ አሥር አጥር አረንጓዴ ይሆናል። አቶ ዜኖን ኮፍያ ካደረጉ፣ አሥር ሰው ኮፍያ ፍለጋ ይሄዳል።

ስለዚህ ሰዉ ሁሉ የአቶ ዜኖንን ባንዲራ አየ። ከዚያ ወደየቤቱ ገብቶ የራሱን ሰቀለ። ልክ እንደሳቸው!

ኔላ ከግቢዋ ወጥታ መንገዱን አየች። የአቶ ዜኖን ባንዲራ ቀይ ከላይ፣ ነጭ ከታች ነው። ባለሱቋ ወይዘሮ ቦዤና ቤትም ቀይ ከላይ፣ ነጭ ከታች ነው። የጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም!

አሥር ባንዲራ፣ ቀይ ከላይ። አንድ ባንዲራ፣ ነጭ ከላይ። አንዱ የኔላ ነው።

ኔላ የራሷን ባንዲራ መልሳ አየች። 

አቶ ዜኖን ቁጥጥር ሊያደርጉ ወጡ። ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። ሪዛቸውን አበጥረዋል። ፊታቸውን ልክ እንደ ንስሩ ኮስተር አድርገው ወደ ጎን ያያሉ።

የኔላ በር ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ጉዳዩ ከባድ ነው!» አሉ። «ይህ ባንዲራ ተገልብጧል!»

«አልተገለበጠም፣ አቶ ዜኖን» አለች ኔላ በቀጭን ድምፅ። «ነጭ ከላይ፣ ቀይ ከታች ነው።»

«ልጄ፣ ቁጠሪ እስቲ። አሥር ቤት ተሳስቶ አንቺ ብቻ ልክ ልትሆኚ ነው?»

ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ተሰበሰቡ። «እውነታቸውን ነው! አሥር ቤት እንዴት ይሳሳታል?» ተባባሉ።

ኔላ ወደ ሰማይ አሳየች። «ሽመላዋን እዩዋት! ነጭ ከላይ፣ ቀይ ከታች!»

ሰዉ ሁሉ ቀና አለ። ሽመላዋም ሰዉን አየች።

«ምንቃሯስ?» አሉ አቶ ዜኖን። «ምንቃሯ ቀይ ነው። የት ነው ያለው? ከላይ!»

«ወይ ጉድ! ከላይ ነው!» አለ ሰዉ።

ወይዘሮ ቦዤና ኔላን አዩና አንጀታቸው አልችል አለ። «ቆይ እንጂ» አሉ። «የእኔ የቀይ ሥር ሾርባስ? ሾርባው ቀይ ነው። እርጎው ነጭ ነው። እርጎውን የማደርገው ከላይ ነው። ነጭ ከላይ፣ ቀይ ከታች!»

ኔላ ፊቷ በራ።

«ሲያማስሉትስ?» ብለው ጠየቁ አቶ ዜኖን።

ወይዘሮ ቦዤና አሰቡ። «ሲማሰልማ… ሮዝ ይሆናል።»

«ሮዝ ባንዲራ!» አሉ አቶ ዜኖን በድንጋጤ። «ጉዳዩ ከባድ ነው!»

«ጉዳዩ ከባድ ነው!» አለ ሰዉ ሁሉ።

«እንግዲህ ኔላ» አሉ አቶ ዜኖን፣ «የምሳ ሰዓቱ አውቶቡስ ሲመጣ እንግዳ ሰው ያየናል። ከዚያ በፊት ባንዲራሽን ገልብጪው።»

ኔላ በርጩማው ላይ ወጣች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ይህን ቀን ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ስትጠብቀው ነበር።

አንዱን ቋጠሮ ፈታች። ሁለተኛውን ልትፈታ እጇን ዘረጋች።

«ቋ-ቋ-ቋ-ቋ!» አለች ሽመላዋ። አንገቷን ወደ ኋላ ቆልምማ፣ ጭንቅላቷን ገልብጣ!

ኔላ እጇን ሰበሰበች። ያ ሪዝ ትዝ አላት! ወደ አፍንጫ የተንጠለጠለው ሪዝ!

«አቶ ዜኖን» አለች። «እርስዎ ባንዲራውን ሲሰቅሉት፣ ነጩ ከላይ ነበር?»

«እንዴታ! በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ! ነጭ ከላይ፣ ቀይ ከታች ነበር።»

«እንዴት ሆነው ነው የሰቀሉት? እስቲ ያሳዩን!»

«አሳያችኋለሁ!» አሉ አቶ ዜኖን። ሰዉ ሁሉ ተከትሏቸው ወደ ቤታቸው ሄደ። እሳቸው ደረጃውን «ዷ! ዷ! ዷ!» እያደረጉ ወጡ።

የፎቁ መስኮት ተከፈተ። ሊቀ መንበር መሰላል ላይ አይንጠላጠልም፤ አቶ ዜኖን እንደዚህ ነው የሚያምኑት። ስለዚህ ሆዳቸውን መስኮቱ ላይ አስተኙና ወደ ታች ተዘቀዘቁ።

መጀመሪያ ሁለት እጅ ወጣ። ቀጥሎ ጭንቅላት ወጣ። ሪዛቸው ወደ አፍንጫቸው፣ ከአፍንጫቸው ወደ ግንባራቸው ተንጠለጠለ።

«ይኸው!» ብለው ጮኹ ተዘቅዝቀው። «ነጭ ከላይ፣ ቀይ ከታች!»

ከታች የቆመው ሰው ባንዲራውን አየ። ቀይ ከላይ፣ ነጭ ከታች ነው። ግን ሊቀ መንበሩ ነጭ ከላይ ነው ብለዋል። ምን ይሻላል?

አንድ ጎረቤት ጎንበስ አለና በእግሮቹ መሀል አየ። «እውነትም! እንዲህ ሲታይ ነጩ ከላይ ነው!»

ሌላው ጎንበስ አለ። «አዎ! ነጭ ከላይ ነው!»

ሌላውም ጎንበስ። ሌላዋም ጎንበስ። መንደሩ ሁሉ መቀመጫውን ወደ ሰማይ አድርጎ በእግሮቹ መሀል ባንዲራውን አየ።

ማንም እንዳይስቅ ተብሏል። ጉዳዩ ከባድ ነው!

«ቅጭል! ቅጭል!» ጃዴክ ከሐይቁ መጣ። ብስክሌቱ ላይ ሁለት ዓሣ ተንጠልጥሏል። ያን ሁሉ የተደረደረ መቀመጫ ሲያይ ፍሬን ያዘ።

«ጎረቤቶች፣ ምን ጠፋባችሁ? ሳንቲም ነው?»

«ዝም በል! ባንዲራ እያየን ነው!» አሉት በእግሮቻቸው መሀል።

«ፍሽሽሽ!» የምሳ ሰዓቱ አውቶቡስ ደረሰ። በሩ ተከፈተ። ሹፌሩ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። ወደ ሌላ ጎን አዘነበለ። ምንም አልገባውም።

በዚያን ጊዜ ቀጥ ብላ የቆመችው ኔላ ብቻ ነበረች።  አፏን ከፈተች።

«አቶ ዜኖን! እርስዎ እኮ ተገልብጠዋል!»

ነፋሱ ቆመ። ባንዲራው መውለብለቡን ተወ።

ሰዉ አንድ በአንድ ቀና አለ። ወገቡን ያዘ። አቶ ዜኖንን አየ። ባንዲራውን አየ። መልሶ አቶ ዜኖንን አየ።

አቶ ዜኖን ብዙ ተዘቅዝቀው ስለቆዩ፣ ፊታቸው እንደ ቀይ ሥር ቀልቷል። ነጩ ሸሚዛቸው ከላይ፣ ቀዩ ፊታቸው ከታች ሆኗል።

«እዩዋቸው!» አለች ኔላ እጇን እያጨበጨበች። «ነጭ ከላይ፣ ቀይ ከታች! ትክክለኛው ባንዲራ አሁን እሳቸው ናቸው!»

«ቋ-ቋ-ቋ-ቋ!» አለች ሽመላዋ። እሷ ሳቀች። ሹፌሩ ሳቀ። ወይዘሮ ቦዤና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«እርዱኝ!» አሉ አቶ ዜኖን። ጃዴክና ሹፌሩ ሮጠው ወጡና እግራቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ጎተቷቸው። «ሆ… ሆፕ!»

አቶ ዜኖን ወደ ውጭ ወጡ። ሪዛቸውን አስተካከሉ። እንደ ንስሩ ኮስተር አሉ።

«ይህን ያደረግሁት» አሉ፣ «ሆን ብዬ… ልፈትናችሁ ብዬ…»

ኔላ አየቻቸው። ሽመላዋም አየቻቸው። ዶሮዎቹም መጥተው አዩዋቸው።

አቶ ዜኖን ተነፈሱ። «እሺ» አሉ ቀስ ብለው። «ተገልብጬ ነበር።»

ከዚያ ሪዛቸው ተንቀጠቀጠ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሆዳቸው ተንቀጠቀጠ። በመጨረሻ አቶ ዜኖን ራሳቸው «ሃ-ሃ-ሃ!» ብለው ሳቁ።

«እኛማ ከጠዋት ጀምሮ አውቀናል!» አለ አንድ ጎረቤት።

«እኔም አውቄያለሁ!» «እኔም!» «እኔማ ከትናንት ጀምሮ!» አለ ሰዉ ሁሉ።

ኔላ ጃዴክን አየችው። ጃዴክ በዓይኑ ጠቀሳት።

ኔላ ወደ በሯ ተመልሳ የፈታችውን ቋጠሮ አሰረች። አሁን አሥር ባንዲራ መገልበጥ አለበት። ኔላ በርጩማዋን ልታነሳ ጎንበስ አለች። በርጩማው ከበዳት።

«ላግዝሽ?» አሉ አቶ ዜኖን።

ኔላ «ብቻዬን!» ልትል ነበር። አሥሩን ቤት አየች። በርጩማውን አየች።

«አብረን!» አለች።

አቶ ዜኖን በርጩማውን ተሸክመው ከኋላዋ ሄዱ። ሊቀ መንበር በርጩማ ሲሸከም በዚያች መንደር የመጀመሪያው ነው። ወዲያው አሥር ሰው በርጩማ ተሸክሞ ተከተላቸው!

አንድ ቤት። «ነጭ ከላይ፣ ቀይ ከታች!»

ሁለት ቤት። «ነጭ ከላይ፣ ቀይ ከታች!»

እንዲህ እያሉ አሥሩንም ጨረሱ። ነፋሱ ሲመጣ አሥራ አንዱ ባንዲራ አንድ ላይ ተውለበለበ። «ተፍ! ተፍ! ተፍ!»

ማታ ወይዘሮ ቦዤና የቀይ ሥር ሾርባ በትልቅ ድስት ይዘው ኔላ ቤት መጡ። ጃዴክ ዓሣውን ጠበሰ። አቶ ዜኖንም ኮፍያቸውን አውልቀው ገቡ።

ኔላ እርጎውን በየሳህኑ ላይ ራሷ አደረገች። ነጭ ከላይ፣ ቀይ ከታች።

ማንም ለማማሰል አልደፈረም። ሁሉም ማንኪያውን ይዞ ኔላን አያት።

«አማስሉት እንጂ!» አለች ኔላ። «ሾርባ እኮ ነው!»

አማሰሉት። ሮዝ ሆነ። በጣም ይጣፍጣል።

የኔላ እናት ዳቦ ቤት ውላ በማታው አውቶቡስ መጣች። ፀጉሯ ላይ ዱቄት አለ። ኔላን ብድግ አድርጋ አቀፈቻት።

«የኔ ስድስት ዓመት! ባንዲራውን ማን ሰቀለው?»

«እኔ!»

«ብቻሽን?»

«የኛን ብቻዬን። የሌላውን አብረን።»

«ታዲያ ዛሬ በመንደሩ ምን አዲስ ነገር ነበር?»

አቶ ዜኖን ወደ ሳህናቸው አቀረቀሩ። «ኧረ ምንም!» አሉ። ጃዴክ በሾርባው ሊታነቅ ምንም አልቀረው።

ኔላ አልጋዋ ላይ ወጣች። በመስኮቱ ሽመላዋ ትታያለች፤ በአንድ እግሯ ቆማለች።

«እማዬ፣ ክረምት ሲመጣ፣ በረዶ ሲጥል፣ ሽመላዋ የት ነው የምትሄደው?»

«ሩቅ ነው። በባሕሩ ዳር፣ በበረሃው ላይ በርራ፣ አፍሪካ ትሄዳለች። ኢትዮጵያ በሚባል አገርም ታርፋለች ይባላል።»

«እዚያ ያሉ ልጆች ያዩዋታል?»

«ቀና ካሉ ያዩዋታል።»

«ታዲያ ለእነሱ ማን ይነግራቸዋል? ነጭ ከላይ፣ ቀይ ከታች መሆኑን?»

እናቷ አሰበች። «አንድ ሰው አይጠፋም» አለች።

ከዚያ ብርድ ልብሱን ልታለብሳት ስትል፣ የኔላ ጭንቅላት አልጋው ግርጌ ነው። እግሯ ትራሱ ላይ ነው።

«ኔላ! አንቺም ተገለበጥሽ?»

ኔላ ኪ-ኪ-ኪ ብላ ሳቀችና ዞረች። ጭንቅላቷ ነጩ ትራስ ላይ አረፈ። ከብርድ ልብሱ ጫፍ ሁለት እግር ብቅ አለ። ቀይ ካልሲ አድርጓል።

እናቷ መብራቱን አጠፋች። ከውጭ፣ ቀስ ብሎ፣ በእንቅልፍ ድምፅ፣ ተሰማ። «ቋ… ቋ…»

ነጭ ትራስ ከላይ። ቀይ ካልሲ ከታች።